ደላንታ በመስተዋት ውስጥ

ሚያዝያ 13 ቀን 1860 ዓ.ም. ሰኞ፣ ዳግማይ ትንሣኤ በዋለ ማግስት፣ ደላንታ ሜዳ ላይ ገበያ ቆመ። የእህል ገበያ አይደለም፤ የከብትም አይደለም። ሻጩ የእንግሊዝ ጦር ነው። ገዢዎቹ የዚያው ጦር መኮንኖችና ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ነበሩ። የቀረበው ሸቀጥ ከመቅደላ የወረደ ነው፤ የወርቅና የብር ዕቃ፣ መስቀል፣ ልብሰ ተክህኖ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ መጽሐፍ። ያን ሁሉ ከአምባው አውርዶ፣ በሽሎን አሻግሮ ደላንታ ለማድረስ 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጓል። ጨረታው ሁለት ቀን ዋለ። 5,000 ፓውንድ ያህል ተገኘ፤ ሲከፋፈል ለአንድ ተራ ወታደር የደረሰው ከ4 ብር ጥቂት ከፍ ያለ ነበር።

የወገል ጤና ልጅ ነኝ። ያን አገር የማውቀው ገብስና ምስር ሲዘራበት፣ በኅዳር ውርጭ እረኛ ባናውን ተከናንቦ ሲቆምበት ነው። ያደግነው ሽማግሌዎች ስለ መይሳው ካሳ፣ ስለ አፄ ቴዎድሮስ፣ ሲያወጉ እየሰማን ነው፤ መድፋቸው ሴባስቶፖል የጅጣን ገደል እንዴት እንደ ወረደ፣ ወዲህ ማዶም እንዴት ተጎትቶ እንደ ወጣ የማይተርክ አልነበረም። ስለ ሁለቱ ቀን ጨረታ ግን ከማንም ሰምቼ አላውቅም። ሽያጩን በሩቅ ያየው የአገሬው ሰው ምን እንደሚሸጥ አልገባው ይሆናል። ወይም ገብቶት፣ ለልጅ የሚነገር ነገር አልመሰለው ይሆናል። እኔ ወደዚያ ገበያ የደረስኩት በአንድ ሥዕል በኩል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ውጭ አገር የሚኖር ዘመዳችን ለእናቴ ቤት በፍሬም የገባ ሥዕል ይዞ መጣ። ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ ከተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ በ1868 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ቅጠል ነው። ገደል፣ ገደሉን የሚወርድ የጭነት በቅሎ፣ ከበቅሎዎቹ ኋላ ዝሆን። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ብዙ ካየችው በኋላ "ይኼ ደግሞ የት አገር ነው?" አለች። የእኛው ቁልቁለት ነው ብላት ሳቀች። አልፈርድባትም። የእኛ ተራራ አናቱ ሜዳ ነው፤ ገደሉም እንደ እንጀራ ተደራርቦ የሚታይ ነው። የሥዕሉ ተራራ ግን ጫፉ የሾለ፣ ጥላው የከበደ፣ በሩቅ ወሬ የተሣለ ተራራ ነው።

አንድ ቀን መስተዋቱን ስወለውል ሰማዩ ላይ ፀጉር የምታህል ነጭ መስመር አየሁ። ከላይ ቀጥ ብላ ወርዳ ተራራውን ለሁለት ሰንጥቃ፣ የአንዱን በቅሎ ጀርባ ነክታ ታልፋለች። የተጣጠፈ ወረቀት መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ዘመን የጋዜጣ ሥዕል የሚታተመው ቦክስውድ ከሚባል ጠንካራ እንጨት ላይ ተቀርጾ ነው። የዛፉ ግንድ ቀጭን ስለሆነ የገጽ ስፋት ያለው ጣውላ አይወጣውም፤ ስለዚህ ትንንሽ ጉማጆች በብሎን ተያይዘው አንድ ሰሌዳ ይሆናሉ። ሥዕሉ ሰሌዳው ላይ ከተነደፈ በኋላ ብሎኑ ይፈታና ጉማጁ ለየቀራጩ ይታደላል። አንዱ የዝሆኑን ጆሮ፣ አንዱ የገደሉን አፋፍ፣ አንዱ ባዶ ሰማይ ይደርሰዋል። በማግስቱ ሁሉም መልሶ ይገጠማል። መጋጠሚያው በደንብ ካልተሸፈነ ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ደላንታ፣ ደላንታን ያላዩ፣ ሥዕሉንም በሙሉ ይዘው ያልቀረጹ የብዙ ሰዎች ሥራ ነው።

ይህ በ1860 ዓ.ም. የተጀመረ ነገር አይደለም። ከእኛ ደጋ ወሬ ወጥቶ፣ ማዶ አገር ሥዕል ሆኖ መመለስ ረጅም ዕድሜ አለው።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 እ.ኤ.አ. ገብቶ ስድስት ዓመት በአገራችን ሲቆይ ላሊበላን አይቷል። አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ ከገለጸ በኋላ፣ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ መጻፉን እንዳቆመ፣ የጻፈውም እውነት መሆኑን እንደማለ መጽሐፉ ይናገራል። በ1550 እ.ኤ.አ. ራሙዚዮ የተባለ ቬኒሳዊ የጉዞ ድርሳኖችን ሰብስቦ ሲያሳትም፣ የአልቫሬዝን ጽሑፍ ከጥቂቶቹ አብያተ ክርስቲያናት የወለል ንድፍ ጋር አወጣው። ከላስታ ድንጋይ የተፈለፈለው ቤት በቬኒስ እንደገና ተቀርጾ ወረቀት ላይ ታተመ ማለት ነው። ቀራጭ ለቀራጭ ነውና፣ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ያው አልቫሬዝ ስለ ግሸንም ጽፏል። ነገሥታቱ ወንድሞቻቸውንና ልጆቻቸውን የሚያስቀምጡበት አምባ እንደሆነ፣ እሱና ባልንጀሮቹም ሳያውቁ ወደ ክልሉ ቢጠጉ በድንጋይ እንደ ተባረሩ ይተርካል። ግሸን ከደላንታ ሩቅ አይደለም፤ በአምባሰል ያለ፣ መስከረም 21 ቀን ምእመኑ የሚጎርፍበት፣ ግማደ መስቀሉ ያለበት ደብር ነው። በ1540 እ.ኤ.አ. የኢማም አሕመድ ጦር እስኪያጠፋው ድረስ መሳፍንቱ የሚጠበቁበት አምባ ነበር። እውነቱ ብርድና ዘብ ነው። ወሬው ግን ባሕር ሲሻገር ሌላ ሆነ። ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ዘቡ እየቀነሰ፣ አትክልቱ እየበዛ፣ አምባው የአማራ ተራራ ተብሎ ገነት ሊሆን ደረሰ። ጆን ሚልተን በ1667 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የገነት መጥፋት ግጥሙ ውስጥ የአማራን ተራራ ስም ጠርቶ፣ ይህን ገነት ነው የሚሉ አሉ፣ ከእውነተኛው ገነት ግን ሩቅ ነው ብሎ ያልፋል።

እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ግን አላለፈውም። በወጣትነቱ የኢየሱሳዊውን የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። በ1759 እ.ኤ.አ. እናቱ ስትሞት፣ ለቀብሯ ወጪ ብሎ በጥቂት ምሽቶች ራሴላስ የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ። ታሪኩ በአማራ ምድር፣ ዙሪያውን ተራራ ባጠረው፣ ሁሉ በሞላበት ሸለቆ ይጀምራል። ልዑሉ ምንም ሳይጎድለው ይሰለቻል፤ ከእህቱና ከባለቅኔው ኢምላክ ጋር ተራራውን ሰርስሮ ይወጣል፤ ካይሮ ድረስ ሄዶ ደስታን ይፈልጋል፤ መጨረሻው ወደ አገር ለመመለስ መወሰን ነው። ደራሲው ኢትዮጵያን አይቶ አያውቅም። ቢሆንም፣ ሞልቶት የሚተክዝ መስፍን ለግሸን እንግዳ ፍጡር አይመስለኝም።

እነዚህ መጻሕፍት በአውሮፓ ተነበው ብቻ አልቀሩም። ሮበርት ስመርክ ራሴላስን ሣለው፤ አብርሃም ሬይምባክ ሥዕሎቹን በብረት መሣሪያ ቀርጾ በ1805 እ.ኤ.አ. ከመጽሐፉ ጋር አወጣ። ጆን ማርቲን የሚልተንን ግጥም በ1827 እ.ኤ.አ.፣ ጉስታቭ ዶሬ ደግሞ በ1866 እ.ኤ.አ. በሥዕል አጀቡት። ዛሬ አሮጌ ኅትመት የሚነግዱ ሰዎች እነዚያን ሥዕሎች ከመጽሐፋቸው እየቆረጡ፣ ወይም በአዲስ ወረቀት እያባዙ፣ ዙሪያውን ነጭ ካርቶን አድርገው በፍሬም ይሸጧቸዋል። ቤት ያደምቃሉ። ለንደን ወይም ቦስተን ሳሎኑ ውስጥ የማርቲንን ገነት የሰቀለ ሰው፣ በግጥሙ አንድ ጥግ ላይ የግሸን ጥላ እንዳለ አያውቅም፤ ግጥሙ አብሮ አልተሰቀለምና።

መንገዱ ግን የአንድ ወገን አልነበረም። በ1590ዎቹ መባቻ እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ የሜዲቺ ማተሚያ ቤት በአንቶኒዮ ቴምፔስታ የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ያጌጠ የዐረብኛ ወንጌል አሳተመ። ያ መጽሐፍ እኛ ዘንድ ደረሰ። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ሥዕሎቹን አይተው የተቀበሉበት መንገድ ሁሌም ያስደንቀኛል። ግድግዳ ላይ አልሰቀሏቸውም፤ እንዳሉም አልገለበጧቸውም። የጥቁር ቀለሙን ጥላ ትተው ቀይና ቢጫ ሰጡት፤ ለፊቱ የእኛን ትልቅ ዓይን፣ ለልብሱ የእኛን እጥፋት አለበሱት። ከሁሉ በላይ፣ ሥዕሉን መልሰው ከወንጌሉ ቃል አጠገብ፣ ብራና ላይ አኖሩት። ሥዕል ከቃሉ ተለይቶ እንግዳ ሆኖ አልከረመም። ሊቃውንቱ ይህን ለምን እንዳደረጉ ጽፈው አልተዉልንም፤ ሥራቸው ግን ሐሳባቸውን ያሳያል።

በ17ኛው ምዕተ ዓመት የወሎው የመካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኘ። በ1652 እ.ኤ.አ. ወደ ጀርመን፣ ወደ ጎታ ቤተ መንግሥት ሄዶ ስለ አገሩ የሚያውቀውን ለሉዶልፍ አስተማረ። ሉዶልፍ ያሳተማቸው የግእዝና የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉም ጭምር፣ የዚህ ትምህርት ፍሬ ናቸው። የአባ ጎርጎርዮስ መልክም ተቀርጾ ታትሟል፤ ሲመለስ ግን በ1658 እ.ኤ.አ. መርከቡ ተሰብሮ ሞተ። መልኩ ማዶ ቀረ፤ እሱም አገሩ አልገባም። እንደ ማርቲን ገነት በየሳሎኑ የሚሰቅለው የለም፤ እኔ ግን ፍሬም የሚገባው የቱ ነው ብባል መጀመሪያ የምጠራው የእሱን ነው።

ወደ ደላንታ ልመለስ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን 70 ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን እየጎተቱ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ ዋድላን አልፈው፣ ጅጣን ተሻግረው፣ ደላንታን አቋርጠው መቅደላ ለመግባት ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። ኋላ የመጣው የእንግሊዙ የናፒየር ጦር ጅጣ ላይ ሲደርስ የወረደውና የወጣው በእሳቸው መንገድ ነው። መሐንዲሶቹ በመንገዱ ተደንቀው ጽፈዋል። ውጊያው ሚያዝያ 3 ቀን፣ ስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ላይ ሆነ። መቅደላ በፋሲካ ማግስት ሚያዝያ 6 ቀን ተያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ቀን ዐረፉ።

ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ ከጦሩ ጋር ዊልያም ሲምፕሰን የተባለ ሠዓሊ ልኮ ነበር። የሚላከው ንድፍ በበቅሎና በመርከብ ለንደን ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ እንጨቱ። ንጉሡን በሕይወት ሳሉ ፎቶ ያነሣቸው የለም። ሆልምስ የነደፈው የሬሳቸውን ፊት ነው። ስለዚህ በየመጽሔቱ የወጡት ቴዎድሮሶች እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም፤ አንዱ ላይ በአንበሳ ተከበው የተቀመጡ አስፈሪ ጌታ ናቸው፣ ሌላው ላይ የደከማቸው ሽማግሌ። እኛ ራሳችን ዛሬ በየሻይ ቤቱ የምንሰቅለው ባለ ሹሩባው፣ ዓይኑ የሚያቃጥለው ቴዎድሮስ ደግሞ የእኛ ሠዓሊዎች ምኞት ነው። ይህን ስል ማጣጣሌ አይደለም፤ ሕዝብ ፊቱን ያጣውን ንጉሥ ራሱ ቢሥል ምን ነውር አለው።

ንጉሡ በመቅደላ መድኃኔ ዓለም 1,000 ያህል መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። 350 የሚሆኑት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። በ1872 እ.ኤ.አ. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥትንና ኩርዓተ ርእሱ የተባለውን የጌታ ሥዕል ጠየቁ። መጽሐፉ ከሌለ የአገሬ ሰው አልታዘዝ ይላል የሚል አቤቱታ ነበር። ከሙዚየሙ አንድ የክብረ ነገሥት ቅጂ ተመለሰ። ሥዕሉን ግን ሆልምስ ለራሱ ይዞት ስለነበር የለም ተባለ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ሳስብ፣ ንጉሡ የጠየቁት መጽሐፍና ሥዕል አንድ ላይ ነው። የተመለሰው ግማሹ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የሚያጽናና ነው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ራሴላስን ወደ አማርኛ መለሰው፤ ከእኛ በወሬ የወጣው ልዑል በራሱ አገር ቋንቋ መናገር ጀመረ። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከፈተ፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ በዚያ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት አስተማረ፤ ከተማሪዎቹ ወገን ዘሪሁን የትምጌታ ይህን ጥበብ የራሱ አደረገው። አሁን ጣውላውን የሚቀርጸው አገሩን የሚያውቅ እጅ ነው።

ሁለተኛው መልክ የሚያሳፍር ነው። በአንድ የቱሪስት ዕቃ መሸጫ የብራና ቅጠል በፍሬም ተሰቅሎ አይቻለሁ። በቀይና በጥቁር የተጻፈ፣ ዳሩ በጣት ወዝ የጠቆረ፣ ካህን ሲገልጠው የኖረ ቅጠል ነው። ጽሑፉን ተጠግቼ ሳነብ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ተቆርጧል፤ ቀጣዩ ቅጠል ሌላ ሰው ቤት ነው ማለት ነው። ባለሱቁ "አሮጌ ነው፣ ኦሪጅናል" አለኝ። ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ የ1992 ዓ.ም. አዋጅ ይከለክላል፤ ይሁን እንጂ መጽሐፍን በቢላዋ መበተን ቢላዋውን ለያዘው ሰው ወንጀል አይመስለውም፤ ጌጥ መሥራት ነው የሚመስለው። ለንደን ላይ የጋዜጣ ጥራዝ የሚፈታው ነጋዴ የሚያደርገውም ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ ጋዜጣው በሺህ ቅጂ የታተመ፣ ብራናው ግን በዓለም ላይ አንድ መሆኑ ነው።

የደላንታ ሰው ከአገር ወጥቶ ሌላ መልክ መያዝን በድንጋይም ያውቀዋል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወገል ጤና አጠገብ ኦፓል ተገኘ። ወጣቱ በገመድ ታስሮ ገደል ወርዶ፣ በፋኖስ ዋሻ እየሰረሰረ ያወጣዋል፤ ዋሻ የተደረመሰበትም ብዙ ነው። ድንጋዩ አብዛኛውን ጊዜ በጥሬው ይሸጥና ሕንድ ሄዶ ይጠረባል፤ ከዚያ ቀለበት ሆኖ በዓለም ገበያ ይወጣል። ከጎረምሶቹ አንዱ የራሱን ድንጋይ ተጠርቦ በስልክ ሥዕል ሲያየው አላወቀውም፤ እናቴም ገደሉን እንዳላወቀችው ሁሉ።

ከዚህ ወዲያ ያለው ምን ይመስላል? የእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ከመቅደላ የተወሰዱትን ጨምሮ ብዙ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በዲጂታል አንሥቶ አውጥቷል። ወገል ጤና ያለ የቅኔ ተማሪ ኔትወርክ ባገኘ ጊዜ፣ ቅድመ አያቶቹ አጠገብ የተሸጠውን መጽሐፍ በስልኩ ማንበብ ይችላል። የጨረታው ሜዳ ላይ ቆሞ ያነበው ይሆናል። መጽሐፉ ራሱ መመለሱን የሚተካ አይደለም፤ ይህን የሚል ቢኖር አልስማማም። ነገር ግን የጎንደር ሠዓሊዎች ከአንድ የሮም ኅትመት ያን ያህል ካወጡ፣ የዛሬ ልጅ ከዚህ ስንት ሊያወጣ እንደሚችል መገመት ይከብደኛል። ትምህርት ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ ሥዕል መስቀላቸው አይቀርም። የሲምፕሰን ገደል አጠገብ የዘመኑ የደላንታ ወሬ፣ የራሴላስ ሸለቆ አጠገብ የግሸን እውነተኛ ታሪክ፣ ከእያንዳንዱ ሥር ከየት መጽሐፍ እንደ ተቆረጠ ቢጻፍበት ብዙ ወጪ የሚያስወጣ ነገር አይደለም።

የእናቴን ሥዕል ባለፈው ክረምት እርጥበት ነክቶት ወደ ደሴ ፍሬም ቤት ይዤው ሄድኩ። ባለሙያው ከኋላ ያለውን ካርቶን በቢላዋ ከፍቶ ቅጠሉን ሲያወጣው ጀርባው ጽሑፍ ሆኖ ተገኘ፤ በሦስት ዓምድ የተደረደረ ጥቃቅን እንግሊዝኛ፣ መጀመሪያውም መጨረሻውም ሌላ ቅጠል ላይ የቀረ። ወዲያና ወዲህ አገላብጦ "ጋሼ፣ ፊቱ የቱ ነው?" አለኝ። ሁለቱም ነው፣ መስተዋት ከፊትም ከኋላም አድርግለት አልኩት። የሁለት መስተዋት ሒሳብ አስከፈለኝ።

እንዲህ ሆኖ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። እናቴ መስኮቱ ላይ አቆመችው። ጠዋት ፀሐይ በበሽሎ በኩል ስትወጣ ወረቀቱን ታበራዋለች፤ የዚያን ጊዜ የኋላው ጽሑፍ በገደሉና በዝሆኑ መሐል ተገልብጦ ይታያል።